ሰይድ ወደ ሌላ ሻምበል አልተዛወረም

ለአስካለ፣ ለልጄ እናት፣

ሰባ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። የቦዩን ውሃ ወደ ሽንኩርቱ መደብ የምመልሰው እኔው ነኝ። ከገበያ በእግሬ ነው የምመጣው፤ ባለባጃጁ አጠገቤ ቆሞ "አባባ ይግቡ እንጂ፣ ሂሳብ አልልዎትም" ቢለኝም አልገባለትም። በመሠረተ ትምህርት ያገኘሁት ፊደልም አልጠፋኝም። ልጃችን ብርቄ "እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፈው" ብላኝ ነበር። ይኼን በሰው እጅ አላስጽፍም አልኳት።

አስካልዬ፣ ካረፍሽ ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ማንጎው አይይዝም ስንል ዘንድሮ አፈራ፤ ዝንጀሮ ሳይቀድመኝ ለጎረቤት አዳረስኩት። የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ንፋስ ወስዶት ነበር፣ መልሼ መታሁት፤ ትንሽ ያዘነብላል እንጂ አያፈስም። ብርቄ ደብረ ብርሃን ከእኔ ጋር ይኑሩ ትለኛለች። ለዚያ ብርድ ማን ይሄዳል? መንገዱ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል፤ ሲከፈት መጥታ ልብሴን አጥባ፣ ተቆጥታኝ ትመለሳለች። ቁጣዋ ያንቺ ነው።

የምጽፍልሽ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ሳትሰሚ ያለፍሽው ነገር አለ።

የድሮ ጓዶቼን ታውቂያቸዋለሽ። ከኮማንዶው በዚህ አካባቢ የቀረነው ሰባት ነን። ሻምበል ባሻ ተሰማ፣ ያ ሲስቅ ሰፈሩን የሚያናጋው፣ "ሳንጽፈው አንሙት" ብሎ የክፍላችንን ታሪክ በደብተር ይዟል። በየአሥራ አምስት ቀኑ እድር ቤት እንሰበሰባለን፤ እሱ ያነባል፣ እኛ እናርማለን። ጭቅጭቁን ብታዪው ትስቂ ነበር። አንዱ ስንቋቋም አራት ሻምበል ነበርን ይላል፣ እኔ ሦስት እላለሁ። ሦስት ነበርን። ተሰማ "ደምሴ ጠላትን እንዲህ ቢጨቀጭቀው ኖሮ ጦርነቱ በሳምንት ያልቅ ነበር" ይለኛል።

ከየጦሩ በፈቃዳችን ተውጣጥተን ነው የተቋቋምነው። ጦሩ በሻምበል፣ ሻምበሉ መቶ በሚባል ክፍል፣ መቶው በጓድ ይከፈላል። እኔ የአሥር ሰው ጓድ መሪ ነበርኩ። ገደል መውጣት፣ በገመድ መውረድ ተማርን። ከሁሉ በላይ ያስተማሩን ግን ኮማንዶ ብቻውን አይላክም የሚለውን ነው። እያንዳንዱ ሰው ጥንድ አለው፤ ለውሃም ሆነ ለእንጨት ሁለት ሆኖ ይሄዳል። ሰው ብቻውን የላከ መሪ ማዕረጉን ይገፈፋል።

በሁለተኛው ዓመት ሦስተኛው ሻምበል ሰው አለቀበትና ፈረሰ፤ የተረፈው በሁለቱ ላይ ተደለደለ። የሻምበሎቻችን ቁጥር ተለወጠ። ቀጥሎ ለአንድ ክፍለ ጦር ተደረብን፤ እግረኞቹ ገደል ስለምንወጣ "ዝንጀሮዎቹ መጡ" ይሉን ነበር። በመጨረሻ ማንም በትእዛዝ አልበተነንም። የሚያዘን ሲጠፋ በየመንገዱ ተበተንን፣ አለቀ። ተሰማ ለዚህኛው ምዕራፍ ርዕስ ፍለጋ ሁለት ስብሰባ ፈጀ።

ባለፈው ወር ታዲያ ስንጨቃጨቅ የገበያ ጓደኛሽ የዘሃራ ልጅ ከድጃ ገባች። ቆመች፣ ሰላምታ ሰጠችንና፣ "አባቶቼ፣ አባቴ ሰይድ የተዛወረበትን ሻምበል በመጽሐፋችሁ ጻፉልኝ። ጋሼ ደምሴ ያውቁታል፣ ለእናቴ የነገሯት እሳቸው ናቸው" አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ተሰማ ደብተሩን አገላብጦ አገላብጦ፣ በዚያ ወር ዝውውር አልነበረም አለ። ከሰባታችን አንዱ በላቸው ደግሞ፣ አፉ ለከት የሌለው መሆኑን ታውቂያለሽ፣ "ሰይድ በመዝገብ የከዳ ተብሏል። የከዳ ሰው በታሪካችን አይገባም!" ብሎ ጮኸ። ከድጃ ሻርፗን ሰብስባ ወጣች። እኔ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ አስካልዬ። በሰይድ ነገር ዝም ስል ይህ ሁለተኛዬ ነው።

የመጀመሪያውን አሁን ስሚኝ።

ሰይድ የጓዴ ሰው ነበር። የዚሁ የቀወት ቆላ ልጅ ስለሆነ ከሁሉም ይቀርበኝ ነበር። ማታ ማታ ተጉዘን ቀን ቀን ገደል ሥር እንደበቅ ነበር። አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የሰይድ ጥንድ ሆዱን ቆስሎ ውሃ ውሃ ይላል። ሌሎቹ ሦስት ቀን ዓይናቸውን አልከደኑም ነበርና በድን መስለው ተኝተዋል። አንዱን መቀስቀስ ነበረብኝ። አሳዘኑኝና ሰይድን "አንተ ፈጣን ነህ፣ ብቻህን ደርሰህ ና" አልኩት። ኮዳውን አንስቶ አንቀጫቀጨብኝና "እንግዲህ ጥንዴ ይቺ ናት፣ ሃምሳ አለቃ" ብሎ ሳቀ። ከወንዙ በኩል ተኩስ ሰማን። አልተመለሰም። ጥንዱም ሳይመሽ ሞተ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት የመቶ ክፍል ተጨፍልቆ አንድ ሆነ። የየጓዱ መሪ የሰዎቹን ስም ጽፎ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ታዞ የሄደ ከሆነ ያዘዘው ይመሰክራል፤ የሚመሰክርለት ከሌለ "የለም" ተብሎ ይጻፋል። የላከው እኔ ነኝ ብል ማዕረጌ ሊገፈፍ ነው። በዚሁ እጄ "የለም" ብዬ ጻፍኩ። ያ ወረቀት ወደ ላይ ሄዶ "የከዳ" ሆኖ ወጣ። አንድ ቃል ብናገር ይስተካከል ነበር።

ቤቴ ስገባ ዘሃራ ከድጃን አዝላ መጣች። "አብሮህ አልነበረም ወይ?" አለችኝ። ወደ ሌላ ሻምበል ተዛውሯል፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም አልኳት። ክፍላችን በየጊዜው ሲፈርስና ሲደለደል ስለነበር አመነችኝ። ይኸው ወደ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ያንን ሻምበል ትፈልጋለች።

አንቺና ዘሃራ ገበያ ላይ ጎን ለጎን እየሸጣችሁ እህትማማች ሆናችሁ። ስትወልጂ መጣች፣ ስትታመሚ መጣች። እኔ ቤቷ አንድ ቀን እንኳ ጉርሻ አልቀመስኩም። በሃይማኖት ያከረርኩ መስሎሽ "ሥጋውስ ይሁን፣ ቆሎ ደግሞ ምን ሃይማኖት አለው?" ብለሽ ሦስት ቀን ኮረፍሽኝ። በሃይማኖት አልነበረም፣ አስካልዬ። ባሏን ያጠፋሁባትን ሴት እህል በየትኛው ጉሮሮዬ ልዋጥ? ደርቆ ቀረ ብለሽ ሞትሽ።

በዚህኛው ስብሰባ ተሰማ ደብተሩን ሳይከፍት ተነስቼ ቆምኩ። እንደነገርኩሽ ነገርኳቸው፤ አልጨመርኩም አልቀነስኩም። ተሰማ ደብተሩን ከፍቶ "ልጻፈው?" አለኝ። ጻፈው አልኩት፣ ስሜንም ከነማዕረጌ። "መዝገቡን ማረም በእኛ እጅ አይደለም፣ መጽሐፉ ግን የእኛ ነው" ብሎ እዚያው ጻፈ። ሰይድ ታዞ ሲሄድ የተሰዋ ተብሏል። ሲያነብልኝ ቆሜ ሰማሁት።

በኋላ ቄሱንና ሼኩን ሽማግሌ አድርገን ወደ ዘሃራ እንላክልህ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ሰይድን ወደ ወንዝ ስልከው ሽማግሌ አላማከርኩም።

ያለብኝን ዕዳ ልንገርሽ፤ ከፋዩ እኔው ነኝ። ዘሃራ ደጃፍ ቆሜ ባልሽን ብቻውን የላክሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁሽም እኔ ነኝ ማለት አለብኝ። ብታባርረኝ መብቷ ነው። ከድጃን በሰው ፊት አሳፍረናታልና በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ በላቸውም አጠገቤ ይቆማል፣ ባይወድም። ለሰይድ እስከ ዛሬ ለቅሶ የተቀመጠለት የለም፤ ዘመዶቹ ለቅሶ ሲቀመጡለት ከፈቀዱልኝ ከወንዶቹ ጋር እቀመጣለሁ፣ ካልፈቀዱልኝ ከአጥሩ ውጭ።

የቀረው ያንቺ ነው። አንድ ቤት ስንኖር አንድ ቀን ልነግርሽ እችል ነበር። እስክታርፊ ድረስ ዋሸሁሽ። ዘሃራ በሕይወት አለች፣ ከድጃም አለች፣ የአንቺን ግን መክፈያ የለኝም። ስለዚህ እስከ ዕለተ ሞቴ ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር ይህንንም አብሬ አነሳዋለሁ።

ባልሽ ደምሴ