ማንጠግቦሽ ወዴት ትሂድ?

ሰኞ

ከአህያ ወድቃ ነው አለች፣ ልጅቷን ይዛት የመጣችው ሴት። አህያ! በዚህ የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ከአህያ የወደቀ ልጅ ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱም ግን ጀርባው ላይ የዱላ ሰንበር ይዞ አልመጣም።

ልጅቷ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ ስሟ ራሱ አንጀት ይበላል። የመጡት ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ መንደር ነው። ግራ ክንዷ ተሰብሯል፣ ወጌሻው ደግሞ በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ አስሮት ጣቶቿ አብጠው ጠቁረዋል። ማሰሪያውን ስንፈታላት አላለቀሰችም። ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗን ይዛት የመጣችው ሴት ላይ ተከለች። ዶክተሩ እጇ እንዲተርፍ ጥቂት ቀን እዚሁ ትቆይ፣ እብጠቱ ሲጎድል ጄሶ ይደረግላታል አለ።

ሴትዮዋ ስመኝ ትባላለች፤ ገና ልጅ እግር ናት።

"እናቷ ነሽ?" አልኳት።

"የአባቷ ሚስት ነኝ።"

በቃ! ክፍሉ በሙሉ ተጠቃቀሰ። አስታማሚው፣ ተለማማጅ ሐኪሞቹ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ እኔም። እንጀራ እናት ከተባለ በኋላ ማን ሌላ ሰው ይጠረጥራል? የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ሃናን ጠራኋት። ስመኝን ለብቻዋ ወስዳ ስትጠይቃት ቆየችና ተመለሰች። "ከአህያው ላይ አልወርድም ብላለች" አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ ባሌን ያለ ጥፋቱ ጮኽኩበት። ልጄን ደግሞ "እማዬ በቃ፣ አነቅሽኝ" እስክትል አቀፍኳት።

ማክሰኞ

ተሳስተን ይሆን?

ማንጠግቦሽ ከእኔ እጅ አልበላም አለች። ከስመኝ እጅ ግን የጎረሰችውን ሳትውጥ ሌላ ትጠይቃለች። ከዚያ ጭኗ ላይ ተኝታ አፏን ከፍታ አንኮራፋች። ስመኝ እንዳትቀሰቅሳት ሳትነቃነቅ ቆይታ ስትነሳ እግሯ ደንዝዞ ልትወድቅ ነበር፤ ደግፌ ያዝኳት። ይህንን ለሃና ስነግራት፣ "ማስረጃ አይደለም፤ ልጆች የሚመታቸውንም ሰው ይወዳሉ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ይህች ሃና ሁልጊዜ እውነቷን ነው፣ ያናድደኛል።

ከሰዓት በኋላ ስመኝን በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ወሰድኳት። ቦምቦሊኖ አዘዝኩላት። ግማሹን ቆርሳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ ለማንጠግቦሽ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ልቤ ወደሷ ሄደ።

"ምነው ዝም አልሽ? ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?" አልኳት።

ሻዩን አማሰለች። "እህቴ፣ ብናገር ጉዴ ፈላ። የባሌ ታላቅ ናቸው፣ አያ ዋሴ። ጥጃው ተሳቸው ባቄላ ገባ። እኔ ውሃ ወርጄ ነበር፤ ብኖር ይች ልጅ እንዲህ አትሆንም።"

ባሏ መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዷል። ግቢው ከወንድሙ ጋር አንድ ነው፣ መሬታቸውም ጎን ለጎን። ካገባች ገና ዓመትም አልሞላት። "ወንድሜን አሳስራ ጠበቀችኝ ይለኛል፤ ቤቴ ይፈርሳል" አለች። "ዝም ብዬ ብመለስ ደግሞ እዚያው ግቢ ነው። እናቴ እንፍራንዝ አለች። ወደሷ ይዣት እንዳልሄድ የሰው ልጅ ናት።"

ለሃና ልንገራት ስላት እሺ አለች። ለፖሊስ ግን አፌን አልከፍትም አለች። ተቆጣሁ፣ ከዚያ አፈርኩ። እሷ ቤት ውስጥ የምኖረው እኔ አይደለሁም።

ረቡዕ

ጣቶቿ ሞቁ! አውራ ጣቷን አነቃነቀች። ዶክተሩን ጎትቼ አምጥቼ አሳየሁት፤ እሱም ጣት ሲነቃነቅ አይቶ የማያውቅ ይመስል አጨበጨበላት። ጄሶ ተደረገላት።

ዛሬ የፈለገቻቸው ነገሮች፦ ማካሮኒ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ። ባጄን አንገቷ ላይ ማንጠልጠል። ሲስተር ማንጠግቦሽ ተብላ መጠራት። ስመኝ እንድትተኛ።

ከማካሮኒው በቀር ሁሉም ተሟላ። ባጄን አንጠልጥላ አጠገቧ ያለውን ልጅ፣ "አይዞህ፣ ሸጋ ነህ፣ መድኃኒትህን ዋጥ" ትለዋለች። እኔን ነው የምትመስለው፣ ቁጣዬን ሳይቀር። ሃና ግን በእርጋታ፣ በጨዋታ መካከል ብትጠይቃትም መልሷ አንድ ነው፤ ከአህያ ወደቅሁ። እንዲህ በዪ ብለዋታል።

ሃና ለፖሊስ አመልክታለች፤ ነገ አንዲት ፖሊስ ትመጣለች። ስመኝ ካልተናገረች ጉዳዩ ውሃ በላው ማለት ነው። ማንጠግቦሽ ዓርብ ከሆስፒታል ትወጣለች። ወጥታ ወዴት?

ሐሙስ

ይህን ለማንም ብናገር አያምነኝም።

ፖሊሷና ሃና አልጋው አጠገብ ቆመው ስመኝን ሲለማመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ድፎ ዳቦ ይዘው ገቡ። በሽተኛውን ሁሉ እየዞሩ፣ "እግዜር ይማርሽ፣ እግዜር ይማርህ" አሉ። ደግ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔንም መርቀውኝ አንጀቴ ራሰ። ከኋላቸው አያ ዋሴ ገቡ፤ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል።

ድንጋዩ የኛው ነው! ለዕርቅ የሚሆን ድንጋይ ከአገራቸው ማምጣት ረስተው ከግቢያችን የአበባ መደብ ዙሪያ ኖራ የተቀባውን አንስተዋል። ጋቢያቸው ኖራ በኖራ ሆኗል። ጥበቃው "ኧረ ድንጋዩን መልሱ!" እያለ ተከትሏቸው ገባና ነገሩ ሲገባው ኮፍያውን አወለቀ።

አያ ዋሴ ስመኝ ፊት ተንበረከኩ። "እጄ ነው የሰበራት። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው። ስለ ማርያም ይቅር በይኝ።"

እኔ ፖሊሷን አየኋት። ፖሊሷ ሃናን አየቻት። ትልቁ ሽማግሌ የደንብ ልብሷን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ሕግም ለዕርቁ የተገኘላቸው መሰላቸው። "አንችም መስክሪ፣ የኔ ልጅ" አሏት።

"እመሰክራለሁ፣ አባቴ" አለች።

ስመኝ ላቧ ጠብ ይላል። ሽማግሌ ደጅህ መጥቶ፣ ድንጋይ ተሸክመውልህ እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? "የተመታሁት እኔ አይደለሁም" አለች በመጨረሻ። ሁሉም ወደ አልጋው ዞረ።

ማንጠግቦሽ ድንጋዩን አየች። "ይከብዳል?" አለቻቸው።

"ይከብዳል፣ ልጄ።"

"በቃ ያውርዱት።"

"እሰይ! እደጊ!" አሉ ሽማግሌዎቹ። ድንጋዩ ወረደ፤ ድንጋይ ወረደ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ልናገር አፌን ስከፍት ሃና እግሬን ረገጠችኝ።

የተናገረችው ስመኝ ናት። "እሷ ይቅር ብላለች፤ እኔም ብያለሁ። ግን ልጅቱ እዚያ ግቢ አትመለስም። የሆነውንም አንድ ሳላስቀር ለፖሊሷ እናገራለሁ።"

"ታረቅን እኮ!" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ታርቀናል፣ አባባ። ምነው፣ ታርቆ እውነት መናገር አይቻልም?"

አያ ዋሴ አንገታቸውን ደፍተው ከፖሊሷ ጋር ወጡ። እኔ ስመኝን አንገቷ ሥር ገብቼ ሳምኳት። ድንጋዩ አልጋው ሥር ቀርቶ የጽዳት ሠራተኛዋ ስታጉረመርም፣ ተሸክሜ የመለስኩት እኔ ነኝ። በእውነት ይከብዳል።

ዓርብ

ደስታዬ አንድ ቀንም አልቆየም። ወሬው ቀድሞ መተማ ደርሷል። አባትየው በሰው ስልክ ደወለና ለስመኝ፣ "እመጣለሁ፤ ተዚያ እንዳትነቃነቂ" ብሎ ዘጋው። ሌላ ምንም የለም። "ተቆጥቷል፣ ድምፁን አውቀዋለሁ" አለች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ሃና ደግሞ እንደተለመደው እውነቷን ነው፤ አባት ነው፣ ልጁን ሊወስድ መብት አለው። አያ ዋሴ ዛሬ ቢታሰሩ ነገ በዋስ ይወጣሉ። አባትየው ወንድሜ ነው ብሎ እዚያው ግቢ ከመለሳት እኛ አምባ ጊዮርጊስ በየቀኑ ሄደን አናያትም።

ዶክተሩን ለምኜ አንድ ቀን አስጨመርኩላት። የእጇ ደም ዝውውር አሳስቦኛል አልኩት። ጣቶቿን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈረመ። እግዜር ይስጠው።

ቅዳሜ

የእረፍት ቀኔ ነው። ማካሮኒ ሠርቼ በሳህን ቋጥሬ ሄድኩ። ባሌ፣ "ልጅቷ ከኛ ጋር ልትኖር ነው እንዴ?" አለ፤ ቀልዱን ነው፣ ግን አልሳቅሁም።

አባትየው ከእኩለ ቀን በፊት ደረሰ፤ መንገዱ ክፍት ነበር። ፀሐይ ያጠቆረው ቀጭን ሰው ነው። ስመኝን ሰላም አላላትም። እሷ ዕቃዋን በነጠላ ቋጥራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

"አባ!" አለች ማንጠግቦሽ፣ አፏ ማካሮኒ እንደሞላ፤ ጄሶዋን ከፍ አድርጋ አሳየችው። ከጄሶው የወጡትን ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ አዙሮ ቀሚሷን ገለጥ አደረገና ጀርባዋን አየ። እኔ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

"ወንድሜ እኮ ነው" አለ። ለማን እንደተናገረ አላውቅም። አለቀ፣ አልኩ በልቤ፤ ሊመልሳት ነው። ስመኝም ዓይኗን ጨፈነች።

ፊቱን በጋቢው ጠረገ። ልጁን በአንድ ክንዱ አነሳ፣ ሄዶ የስመኝን ጓዝ ከእጇ ተቀበላትና ወደኔ ዞረ።

"እህቴ፣ የእንፍራንዝ መኪና ተየት ነው የሚነሳ?"

እስከ መናኸሪያ ይዣቸው ሄድኩ። ስመኝ መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ትስቃለች፤ እኔም እንደዚያው። መሬቱ ከወንድሙ ጎን ነው፣ ሥራውም እዚያ ነው፤ ክሱ ገና ነው፤ እንዴት እንደሚኖሩ አላውቅም፣ እነሱም አያውቁም። ዛሬ ግን ማንጠግቦሽ እንፍራንዝ፣ የስመኝ እናት ቤት ታድራለች።