የአርባኛዋ ጅግራ ክስ

ለኪሙንዶ ሜዳ ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኪሙንዶ

ቀን፦ ጁላይ 17 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ ሳልጠየቅ «ተበዳይ» በተባልኩበት ክስ የተቀጣው አስጎብኚ ዝውውሩ እንዲነሳለት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች የፓሬ ጎሳ ተወላጅና ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ፓርኩ እየገባሁ ወፍ አያለሁ። ፓርኩ ጸጥ ያለ ነው፤ ከእኛ ሌላ መኪና የማይታይበት ቀን ብዙ ነው። ዝሆኖቹም መንገዱን እንደ ግቢያቸው ይዘውት ስለሚቆሙ፣ እስኪበቃቸው ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። አስጎብኚዬ የቻጋ ጎሳው ኤሊንጋያ ንጎዊ ነው። አንቱ ስለው ስለሚስቅብኝ በዚህ ደብዳቤ «እሱ» ማለቴ ይቅር ይባልልኝ።

1. ባለፈው ወር ሰማያዊ ደረት ያላቸው ጅግራዎች ግድቡ ዳር ውሃ ሊጠጡ መጡ። እኔ አርባ ቆጠርኩ፣ እሱ ሠላሳ ዘጠኝ አለ። እስከ መውጫው በር ድረስ ስንከራከር ሄድን። በሩ ላይ እንደ ደንቡ በእይታ መዝገቡ «አርባ» ብዬ አሰፈርኩ። እሱም ከሥሩ እንዲህ ጻፈ፦ «ፓሬዋ አርባ አየሁ ትላለች። አርባኛዋን ዳኛ ይቁጠርላት፤ ለፓሬ ከቁርስ ክስ ይቀድማልና።»

2. አንድ የሩቅ አገር እንግዳ ይህን አስተርጉመው «ጎሳ ተሰደበ» ሲሉ አመለከቱ። መዝገቡ በማስረጃነት ተወሰደ፤ ንጎዊም ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በአገሪቱ ምዕራብ ጫፍ ወዳለ ፓርክ እንዲዛወር ተወሰነ። በእንግዳው አልፈርድም፣ ከየት ያውቁታል። እርስዎ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነዎት፤ ፓሬና ቻጋ እርስ በርስ እንድንሰዳደብ ወግ የፈቀደልን የቀልድ ዘመዳሞች መሆናችንን ያውቃሉ። እሱ ክስ ወዳድ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ቻጋ ሳንቲም ካቃጨሉለት ከመቃብር ይነሳል እለዋለሁ። ከእኛ መካከል ቅር የሚለው ያልተሰደበ ነው።

3. ባሌ ሲቀበር ንጎዊ የሟቹን ኮፍያ ደፍቶ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጉድጓዱ አፋፍ ቆመ። በባሌም ድምፅ «አልገባም፣ ይግባኝ ጠይቄያለሁ» አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ባሌ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ማልቀስ የቻልኩትም ከዚያ በኋላ ነው። የቀልድ ዘመድ ሥራው ይህ ነው፣ ክቡር ሆይ።

ስለዚህ ዝውውሩ ከሰኞ በፊት እንዲነሳ፣ ስሜም ከተበዳይነት እንዲሰረዝ እለምናለሁ። መዝገቡ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ይሰጠኝ፤ ስድብ በተጻፈበት ቦታ ካልተመለሰ ተሸናፊዋ እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር አርባኛዋ ጅግራ ጉቶ ሳትሆን አትቀርም። ይህ ለእሱ እንዳይነገርብኝ አደራ።

ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። እሱን ያን ያህል ካራቁብኝ፣ በእኔ ጉድጓድ አፋፍ ቆሞ ይግባኝ የሚልልኝ ማን ነው?

ከአክብሮትና ከቅዳሜ ጠዋት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ናኩንድዋ ምሩቱ
ያልተበደልኩት ተበዳይ