ለነገ ጠዋት የመጀመሪያ በሽተኛ

ውድ ጋሼ፣

ስልክዎን ስለዘጉት ነው የምጽፍልዎት። በልጅዎ ስልክ ስደውል «አባባ ተኝቷል» አለችኝ፤ ከኋላዋ ግን «ተኝቷል በያት!» የሚለው ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። ኧረ በሕግ አምላክ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስሩ ውዬ ያደርኩት ድምፅ የሚጠፋኝ መሰለዎት?

ደብዳቤውን ልጅዎ ጮክ ብላ ታንብብልዎት። እርስዎ ያለ ትራስ፣ በጀርባዎ ተንጋለው፣ ጣሪያውን እያዩ ይስሙ። ለምን በጀርባ እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ሆኖም ዛሬ በሽተኛ ስለሆኑ ለበሽተኛ እንደሚነገረው አድርጌ ልንገርዎት። ልጅዎም ትስማው፤ «ትንሽ ነገር ነው» ብለዋታል አሉ።

ትንሽ ነገር አይደለም። በቀኝ ዓይንዎ ውስጥ ሬቲናው፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ የሚያየው ስስ ሽፋን፣ ከላይ በኩል ተቀዶ መላቀቅ ጀምሯል። ከታች እየወጣ የሚሸፍንብዎት ጥላ እሱ ነው። መሃሉ፣ ፊደል የምናነብበትና የሰው ፊት የምንለይበት ቦታ፣ እስካሁን ደህና ነው። ግን በቀዳዳው የገባው ውሃ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሳየው ከመሃሉ የሚለየው የፀጉር ያህል ነው። አሁን ከሠራነው እንደ ድሮው ያያሉ። መሃሉ ከተላቀቀ በኋላ ከሠራነው ሬቲናው ይለጠፋል፣ ማንበቡ ግን ላይመለስ ይችላል። ይሄንን ቃል በቃል ያስተማሩኝ ማን ናቸው?

እና ምን አሉኝ? «የሬቲና ሐኪሙ ወዳጄ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከውጭ ይመጣል፣ እሱ ይየው።» ዘጠኝ ቀን! ያቺን የሒሳብ አስተማሪ ያስታውሷታል? «የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ ከነገ ወዲያ ልምጣ» ብትልዎት ኮሪደሩ እስኪናወጥ ጮኹባት። «ከነገ ወዲያ የማክመው ዓይን የለሽም!» ብለው እዚያው ጫማዋን አስወልቀው አስተኟት። ለእርስዎ ሲሆን ሬቲናው የወዳጅዎን የአውሮፕላን ትኬት አይቶ ይታገሳል? ደሜን ነው ያፈሉት።

ጠዋትም እንደዚያው ነበሩ። አገጭዎን መመርመሪያው ላይ አስደግፈው፣ እኔ ሌንሱን ይዤ ውስጥዎን እያየሁ፣ «መብራቱን ቀንሺ፣ ወደ ግራ፣ አይ ወደ ግራ!» ይሉኛል። እንደ ደንባችን የተላቀቀውን በሰማያዊ፣ ያልተላቀቀውን በቀይ እርሳስ ሥዬ ባሳይዎት፣ ወረቀቱን ነጥቀው ቀዳዳውን ትንሽ ዝቅ አድርገው አረሙት። የራስዎን ዓይን! ውስጡን ማን አሳየዎት? አንጀቴ እያረረ ሳቄ መጣ። ከዚያ ቀና ሳልል፣ «ነገ እኔ ልሥራዎት» አልኩ። ኮትዎን አነሱ፣ የወዳጅዎን ነገር አወሩ፣ የልጅዎን ክንድ ይዘው ወጡ።

ምክንያቱ ገብቶኛል። ወዳጅዎ ከእኔ ስለሚሻል አይደለም። እኔን ዋናው ወንበር ላይ አስበው ማየት ስላቃተዎት ነው። ለነገሩ መቼ አስቀምጠውኝ ያውቃሉ?

ልጅዎ እንድታውቀው፣ የኦፕራሲዮን ማይክሮስኮፑ ሁለት መመልከቻ አለው። ዋናው ወንበር ላይ ያለው ሐኪም ይሠራል፣ ከጎን ያለው እያየ ያግዛል። አንድ ሰው ስንት ዓመት ተምሮ የዓይን ስፔሻሊስት ከሆነ በኋላ እንደገና ተማሪ ሆኖ ለሬቲና ሥልጠና የሚገባው ከጎን ተነስቶ ዋናው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ነው። እኔ ስቀመጥ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። «ቆይ አንዴ ልየው» ይላሉ። እነሳለሁ። ያ «አንዴ» የበሽተኛው ዓይን እስኪታሸግ ድረስ አያልቅም። ወንበሩን እንኳ በቁመቴ ልክ ከፍ ማድረግ ትቼ ነበር፤ መልሰው ለራስዎ ዝቅ ሲያደርጉት ጊዜ ይባክናል ብዬ። ጉልበቴ ከአልጋው ብረት ጋር እየተጋጨ በእርስዎ ቁመት መሥራት ለመድኩ። በሌሉበት «ቆይ አንዴ» እያልን እንደምንጠራዎት ያውቁ ይሆን? አሁን ይወቁት።

አብሮኝ የገባው ቀጮ ሰባት ወር ነው የቻለው። ለአሥራ ምናምነኛ ጊዜ ሲያስነሱት ጓንቱን አውልቆ «ጋሼ፣ እንግዲህ ሁለቱንም ወንበር ይያዙት» ብሎ ወጣ። ሌላ ሆስፒታል ሄዶ ሥልጠናውን ጨረሰ። እርስዎም ከዚያ ወዲያ ስሙን አንስተው አያውቁም። እኔ ቀረሁ። ሞኝ ስለሆንኩ አይደለም። እጅዎ ዓይን ውስጥ ሲንቀሳቀስ ማየት ስለምወድ ነው የቀረሁት። ሌላው ሐኪም የሚጎትተውን እርስዎ ዝም ብለው ይጠብቁታል፣ በራሱ ይለቃል። ያንን ከመጽሐፍ አላገኘውም።

ደግሞ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ምሳ ሰዓት የምጠፋው «ወንድ ይዛ ነው» ብለው ለሲስተር ነግረዋታል፤ እሷም ሳታድር ነግራኛለች። የምጠፋው ልምምድ ክፍል ነበር። ከቄራ የበግ ዓይን አስመጥቼ ያን ዕለት ጠዋት ሲሠሩ ያየሁትን እደግመዋለሁ። እርስዎ ምሳዎን በልተው እስኪጨርሱ እኔ የአንድ በግ ሬቲና አላቅቄ ለጥፌያለሁ። ለሲስተር ያልኳት «ወንድ ይዛለች ይበሉ፣ ይሻላል» ነው። ብነግርዎት እዚያም መጥተው «ቆይ አንዴ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ሥልጠናው ሲያልቅ የኦፕራሲዮን መዝገቤን ገጽ በገጽ ፈረሙልኝ። ረዳት፣ ረዳት፣ ረዳት። አልዋሹም፣ መዋሸትማ አይችሉበትም። ኮሚቴው አይቶ ስድስት ወር ጨመረብኝ። ጓደኞቼ የየሆስፒታላቸው የሬቲና ሐኪም ተብለው ሲመደቡ እኔ ገና ሠልጣኝ የሚል ባጅ አንጠልጥዬ ቀረሁ። እናቴ «ልጄ፣ አንቺ ትምህርቱ አይገባሽም እንዴ?» ብላ በሚስጥር ጠይቃኛለች። አለቀስኩብዎት ጋሼ። ጡረታ የወጡ ዕለት ንግግር ሲደረግልዎት እኔ እቃ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ አለቅስ ነበር፤ ግማሹ እንባ ስለሄዱብኝ፣ ግማሹ ስለሄዱልኝ ነው።

ከዚያ ሠራሁ። ስድስቱን ወር የክፍሉ ኃላፊ ከጎኔ ተቀምጣ እጇን ሰብስባ አየችኝ። ሥልጠናውን ከጨረስኩም በኋላ ብቻዬን እየሠራሁ ነው። «የተበላሸውን ሳትነግሪ የተሳካውን አትንገሪ» ብለውኛልና በዚያው ልክ ልንገርዎት። ልክ እንደ እርስዎ ያለ ሬቲና አርባ ሦስት ሠርቻለሁ። ሠላሳ ዘጠኙ በመጀመሪያው ተለጥፈዋል። አራቱ ተመልሰው ተላቀቁ። ሦስቱን ደግሜ ሠርቼ ያዙልኝ። አንዱ አልያዘም። በሽተኛው አናጢ ናቸው፤ አሁን በአንድ ዓይን ነው የሚሠሩት፣ ለክትትል ሲመጡ ጨዋታቸው ያው ነው፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል። ይኸው፣ የደበቅኩዎት የለም።

ሰው ፈልገው ያጡ ይመስል ውጭ አገር ያለ ወዳጅ ይጠብቃሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ሠልጣኝ አለፈብዎት? ከሁላችን አንድ እንኳ የሚያምኑት እጅ ከሌለ ጥፋቱ የማን ነው? የእኛ ነው? ይሄን ልጅዎ ፊት ማለት አልፈለግኩም ነበር፤ ስልክዎን ቢያነሱ ኖሮ ለብቻዎ እነግርዎት ነበር። እወድዎታለሁ ጋሼ። ፊት ለፊት ብነግርዎት «መብራቱን ቀንሺ» ስለሚሉኝ ነው በወረቀት የማደርገው።

እልኬ ግን ዓይንዎን አያድንልኝም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ቢሮዬ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ ለቀጮ ደወልኩለት። ሬቲናዎ ተላቀቀ አልኩት።

«እኔን ማየት ይፈልጋሉ?» አለኝ።

«አይፈልጉም» አልኩት።

«ስንት ሰዓት ልድረስ?» አለኝ።

የነገ በሽተኞቹን ለሌላ ቀን አዘዋውሮ ዛሬ ከሰዓት ይነሳል። የእኔን ሦስት እጥፍ ሠርቷል፣ ውጤቱም ከእኔ ይሻላል፤ ጠይቄው ነው፣ የተበላሸበትንም ነግሮኛል። ስለዚህ ይምረጡ። እኔን ካሉ እኔ እሠራለሁ። እሱን ካሉ እሱ ይሠራል፣ እኔ ከጎን ሆኜ አግዘዋለሁ። መዝገቡም ላይ ረዳት ብዬ በራሴ እጅ እጽፋለሁ። ዘጠኝ ቀን የሚባለውን ግን ከአሁን በኋላ እንዳልሰማ።

ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ተራ የእርስዎ ነው። ጠዋት ምንም እንዳይቀምሱ። መኪናው ውስጥ ወንበሩን ዘርግተው ይምጡ። ልጅዎ የመኪናውን ቁልፍ በእጇ ይዛ ነው ይሄን የምታነብልዎት፤ እንዳያመናጭቋት፣ እሷም እንደ እኔ ልቧ ወልቋል።

እሱን ከመረጡ ቅር ይለኛል። አልዋሽዎትም፣ በጣም ነው ቅር የሚለኝ። አንድ ወር ሙሉ አኮርፍዎታለሁ፤ ለክትትል ሲመጡ ኮሪደር ላይ ሳገኝዎት ፊቴን አዞራለሁ። እርስዎም ያንን ኩርፊያዬን በሁለቱም ዓይንዎ ጥርት አድርገው ያዩታል።

በንዴት ግን በአክብሮት፣
ተማሪዎ