ያልማልኩበት ጥቁር መስመር

የካቲት 3
ይድረስ ለመላው ደሴ፦ ጠፍቶ የነበረው የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ዛሬ ከአልጋ ሥር በሕይወት ተገኝቷል። ፍለጋውን የመራችው የልጅ ልጄ ፈትሂያ ናት። ሹመት ይገባታል።
ሌላም ወሬ አለ፣ ትንሽ ነው... ነገ ኮምቦልቻ ወርጄ ሆስፒታል ልተኛ ነው። ለቡአዬ። መቀደዱን አይደለም የምፈራ። ዕቃውን ነው። መቀሱ ትናንት የማን ሆድ ውስጥ ነበር? ጎረቤቴ አግማስ ከተቀደደ በኋላ ቁስሉ መግል ይዞ ስንት ጊዜ ተኛ። "ከዕቃው ይሁን ከእኔ ማን ያውቃል" ይላል።

የካቲት 4
ተኛሁ። አጠገቤ ያለው ፈሪድ የሚሉት የሐርቡ ገበሬ ነው፤ የሐሞት ጠጠር አለበት።
ነርሷን ኡሙሰልማን፣ "ልጄ፣ ቢላዋችሁ ከእኔ በፊት ማንን አረደ?" አልኳት።
"አባባ፣ ምላጩ አዲስ ነው፣ ተሠርቶበት ይጣላል። መቀስና መቆንጠጫው ግን ይታጠባል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ በእንፋሎት ይቀቀላል።"
"መብሰሉን በምን ታውቂያለሽ? ትቀምሽዋለሽ?"
ጥቅሉ ላይ ቴፕ ይለጠፋል አለች። እንፋሎቱ ሲያገኘው ቴፑ ላይ ያለው መስመር ይጠቁራል። ፈሪድም ጆሮውን አቁሞ ሰማ።

የካቲት 5
እስከ መቅደጃው ክፍል በር ወስደው መለሱኝ። ጥቅሉ እርጥብ ሆኖ ወጣ። በእርጥብ ጨርቅ ጀርም ይገባል፣ እንደገና ይቀቀል አሉ።
ፈሪድ፣ "ይኼንንስ አዩት። ያላዩትስ?" አለና ልብሱን መሰብሰብ ጀመረ። ሐኪሙ ደግሞ፣ ሐሞቱ ከፈነዳ ይሞታል ብሏል።
ቀኑን ሙሉ ፌዝ እምቢ አለኝ። የእኔን ፍርሃት ነው የተናገረው...

የካቲት 6
ገባሁ፣ ወጣሁ። አልሐምዱሊላህ። ያደነዘዙኝ ከወገብ በታች ነው፤ ዓይኔ ያያል። ጥቅሉ ሲፈታ ቴፑን አየሁት። እንደ ከሰል ጠቁሯል።
ይኼንኑ ለፈሪድ ነገርኩት።
"አባቴ፣ ወላሂ ይበሉኝ።"
"ወላሂ ለከብት ገበያ ነው። እዚህ ሽበቴ ይበቃል።"
የሰበሰበውን ልብስ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ፣ "እንግዲያው ነገ እገባለሁ" አለ።

የካቲት 9
ፈሪድን አተኮሰው።

የካቲት 10
ትኩሳቱ አልበረደም። ምን አገባኝ ነበር? ሚስቱ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ትዳብሳለች። ወደ እኔ ስትዞር የተኛሁ እመስላለሁ።
"አያቴ፣ ቁስልዎ አመመዎት እንዴ?" አለች ፈትሂያ።
አዎ አልኳት። ምን ልበላት?

የካቲት 12
ዛሬ የፈሪድን ቁስል ፈቱት። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ደረቅ ነው፤ መግል የለም። ትኩሳቱ ከሳንባው ነበር፣ እሱም እየተሻለው ነው አሉ።
ሚስቱን ጠርቶ፣ "እኚህ ሰውዬ ባያዩልኝ አልገባም ነበር" አላት። ቁጭ ብላ ዱዓ አደረገችልኝ። አሚን ማለት አቃተኝ። ወትሮ ሰው ሲያምነኝ ነበር የምስቅ...
የካቲት 6 ላይ አየሁት ያልኩት ቴፕ ፈጠራ ነው። መነጽሬን በር ላይ ተቀብለውኝ ነበር። ያየሁት የሚንቀሳቀስ አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ። ይጥቆር አይጥቆር አላውቅም።