የሃያኛዋ በር ልክ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ወገብሽስ አላስቸገረሽም? የእማዬ ዓይን ተሻላት? አባባ አሁንም ሬዲዮኑን እየሰደበ ያዳምጣል? ያቺ «በቅሎዬ» የምትያት ዊልቸርሽስ፣ የግራ ጎማዋ መጮኹን ተወ? እኔ ከመርፌና ከአሠሪዬ ምላስ በቀር የሚወጋኝ የለም፤ ደህና ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «እኔን እጠብቃለሁ ብለሽ አትልፊ፣ ካሁን በኋላ ከደጃፌ አልወጣም» ብለሽኛል። አንብቤ አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት፣ እንደገና አጠፍኩት። ተናደድኩ እታለም፤ አልደብቅሽም። ግን ባንቺ አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ልትጠይቂኝ ስትመጪ ያረፍሽበት ሆቴል ማስታወቂያው ላይ «ለሁሉም ምቹ» ብሎ ጽፎ ነበር። በቅሎሽ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተቀርቅራ ቀረች። ሁለት ሻንጣ ተሸካሚዎች እንደ ኩንታል አንስተው ሲያስገቡሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው ስታዞሪ አይቻለሁ። በማግስቱ ወደ ቤት ተመለስሽ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ «ተያት፣ ቤቷ ትረፍ» ይለኛል። አልተውም።

እና ምን አደረግሁ መሰለሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ የምማርበት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ሃካቶን የሚሉትን ነገር አዘጋጀ። ጀማሪዎች ተሰብስበው በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሥራ ሠርተው ዳኞች ፊት የሚያቀርቡበት ውድድር ነው። ትምህርቱን ከጀመርኩ ገና ሦስት ወር ነው፤ ማውዙን እንኳን እንደ መቀስ ነው የምጨብጠው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተመዘገብኩ። የቡድኔ ሰዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የባንክ ጥበቃ ነው፤ ወርዱን አይተን «ቁምሳጥን» እንለዋለን። ሌላዋ ዓይነ ስውር የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ኮምፒውተሩ የተጻፈውን እያነበበላት ከሁለታችንም ፈጥና ትሠራለች። የመረጥነው ሥራ የጉዞ መመሪያ ድረ ገጽ ነው። በዊልቸር የሚሄድ ወይም ዓይኑ የማያይ መንገደኛ የት መግባት፣ የት ማደር፣ የት መጸዳጃ ቤት ማግኘት እንደሚችል ይነግራል።

በመጀመሪያው ቀን ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀምሮ ያገኘሁትን በር ሁሉ ለካሁ። አርባ አንድ ቦታ! ቁምሳጥን ይመዘግባል፣ ኦፕሬተሯ ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች። ከሰባ ሴንቲ በላይ የሆነውን ሁሉ «ያስገባል» አልነው። በማግስቱ ጠዋት ከአንድ ክሊኒክ ዊልቸር ተውሰን፣ ቁምሳጥንን አስቀምጠን፣ ለዳኞቹ የሚታይ ቪዲዮ ልንቀርጽ ወጣን። የመጀመሪያው መድኃኒት ቤት በር ላይ ተቀረቀረ። ወደ ፊት የለ፣ ወደ ኋላ የለ። ደንበኞቹ ከውስጥ መውጫ አጡ፤ ባለመድኃኒት ቤቷ «ወይ ግባ ወይ ውጣ እንጂ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ጣጣ ነው!» እያለች ትጮሃለች።

ለካ እኔ የለካሁት ከመቃን እስከ መቃን ነበር። በሩ ግን ተከፍቶም ቢሆን ውፍረት አለው፣ እጀታ አለው፤ ስድስት ሰባት ሴንቲ ይበላል። እኔ! ለስፌት የሚተወውን ሳይተው ጨርቅ የቆረጠ ሰው ከአሠሪዬ ምን እንደሚቀምስ የማውቀው እኔ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኋላ ግን የዚያ ሆቴል «ለሁሉም ምቹ» ትዝ አለኝ። እኛም ያንኑ ውሸት ልንጽፍ ነበር፣ ያውም በቅን ልብ።

ኦፕሬተሯ ከእንግዲህ አንድ ሰው በራሱ ዊልቸር ሳያልፍበት «ያስገባል» ተብሎ እንዳይጻፍ፣ እስከዚያው «አልተፈተነም» እንዲባል አዘዘች። አዘዘች ነው የምልሽ፤ አልጠየቀችም። ክሊኒኩ ውስጥ የሚታከሙ ሁለት ባለዊልቸሮች አብረውን ዞሩ፤ አርባ አንዱን እንደገና ስንፈትን የተረፉት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ሆኑ። ያንኑ ይዘን ቀረብን። ከዳኞቹ አንዱ ከረባቱን እያስተካከለ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ምን ይረባል አለን። ቀጥሎም እነዚህ ሰዎች እኮ ብዙም አይጓዙም አለ። ደሜ ፈላ። እህት አለችኝ አልኩት፤ የማትጓዘው መንገድ ጠልታ አይደለም፣ በር ሳይለካ ማስታወቂያ የሚጽፍ ስለበዛ ነው አልኩት። ሜትሬን ከአንገቴ አውጥቼ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ቁምሳጥን ከኋላ ቀሚሴን ይጎትታል። አልተቀመጥኩም።

ሽልማቱን ምግብ በስልክ ማዘዣ የሠሩት ልጆች ወሰዱት። ይውሰዱት! እኛ እንደሆን አልተውነውም፤ እሑድ እሑድ እየዞርን እንለካለን።

ሃያኛዋ በር የኔ ናት። አከራዬን ደጃፉ ላይ ያለችውን ደረጃ ያፍርሱልኝ ብላቸው ለአንድ እንግዳ ብዬ ቤቴን አላፈርስም አሉ። አያፍርሱ! አናጢ ጠርቼ ደህና መወጣጫ ሳንቃ አሠራሁ። ሲያዩኝ ያጉረመርማሉ፤ ባለፈው ግን የጋዝ ሲሊንደራቸውን በእሷ ላይ እያንከባለሉ ሲያስገቡ ያዝኳቸው። በሩን ከነውፍረቱ፣ ከነእጀታው ለካሁት፤ ሰባ ስድስት ነው። መጸዳጃ ቤቱ ሰባ አራት። በቅሎሽ ስልሳ አራት ናት፤ የመቀመጫዋን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አልረሳውም። ማንም አያነሳሽም።

ቁምሳጥን የራስሽ ቤት አይደል፣ «ያስገባል» ብለሽ ጻፊው ይለኛል። ሞቼ ነው ቆሜ? ድረ ገጹ ላይ «የልብስ ሰፊዋ ቤት፦ አልተፈተነም» ይላል። አንቺ መጥተሽ እስክታልፊበት ድረስ እንዲሁ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው አላስፈትንም። እንቢ ካልሽ እኔም እንቢ ነኝ። ይህን እልህ ከማን የተማርኩት መሰለሽ?

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ አላስኬድሽም ካለች ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። አባባን ሰላም በይልኝ፤ አንድ ሳምንት ሬዲዮኑን ብቻውን ይስደብ። ትንሹን ወንድማችንን በብዙ ሳሚልኝና ለበቅሎሽ ጎማ ግራሶ እንዲቀባላት ንገሪው። ረጅም መንገድ አላት።

ታናሽ እህትሽ፣

ገና ካልተፈተነችው ክፍሌ፤ መጋቢት 12 ቀን።