ልጄን የጠበቅኩበት ጨዋታ

ሰኞ፣ ኦገስት 4

ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ እኛ አስተማሪዎቹ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው የእረፍቱን ወር ተማሪ ሆነን ዩኒቨርሲቲ ገባን። ዶርሙ ያው ነው... በሩ አይዘጋም፣ አልጋው ያቃስታል። ካቩላኒ ቀድማኝ መስኮት ዳሩን ይዛለች። መምህራን ኮሌጅ አብረን ስንማርም እንዲሁ ነበረች።

ከሰዓት ስታትስቲክስ። ሌክቸረሩ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። "ገብቷችኋል?" ሲለን ሁላችንም በአንድ ድምፅ "አዎ መምህር" አልነው። አልገባንም።

ስንወጣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፦ የሴቶች ኔትቦል ውድድር፣ በቡድን ሰባት ተጫዋች፣ መታወቂያ ያለው ተማሪ ሁሉ መመዝገብ ይችላል።

ካቩላኒ ቦርሳዬን ነካ አደረገችው። "መታወቂያሽ እዚህ ውስጥ አይደለም እንዴ?"

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ታዲያ ልቤ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የመታው?

ረቡዕ፣ ኦገስት 6

ሰባት ሞላን። ትንሿ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ስፖርት ቢሮ ያለው ዋፉላ ቅጹን አገላብጦ አየና፣ "ማዳም፣ ለልጆችዎ ነው የሚያስመዘግቡት?"

"ለራሴ ነው። ጻፍ።"

ጻፈ። የት ቦታ እንደምጫወት ሲጠይቀኝ ሳላስብ "ቀለበቱ ሥር፣ የመጨረሻዋ ተከላካይ" አልኩት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አፌ ግን አልረሳውም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 7

ለናሊያካ ነገርኳት። ልጄ እዚሁ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ የመደበኛዎቹ ተማሪዎች ቡድን ኳስ ቀለበት ውስጥ የምትከትላቸው እሷ ናት። ካፌ ቻፓቲ እየበላን ነው።

"እማ... መምህራኑ የመዘምራን ቡድን የላቸውም እንዴ?"

"አላቸው። ድምፅ የለኝም።"

"ጓደኞቼ ሁሉ ይመጣሉ። ብትወድቂስ?"

"ብወድቅ እነሳለኋ።"

"ሰው ይስቅብናል እኮ።"

"ይስቅብናል" አለች... እኔና እሷን። ቻፓቲዋን ሳትጨርስ ሄደች። ናሊያካ ቻፓቲ ስትተው አይቼ አላውቅም። ስሜን ላሰርዝ ይሆን? መጫወቱን እፈልጋለሁ። ግን ልጄን አሳፍሬ?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

አላሰረዝኩም። ልምምድ ወጣን፣ ሳቅ ሊገድለን ነበር። ለካ ሰባታችንም በየትምህርት ቤታችን ዳኞች ነን። ኔትቦል ላይ ኳስ ይዞ መራመድ ክልክል ነው፤ የአንዷ እግር ትንሽ ሸርተት ካለ ማን ፊሽካ ይጠብቃል? ጥፋተኛዋ ራሷ እጇን አውጥታ ትቆማለች። "ተራምጃለሁ።" ሌላዋ ደግሞ፣ "አይ፣ እኔ ቀድሜ ገፍቼሽ ነው።"

ግማሽ ሰዓት ስንናዘዝ ቆየን። አንድ ግብ አልገባም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ጉልበቴ። ደረጃውን ፊቴን አዙሬ፣ ወደ ኋላ ነው የወረድኩት።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

አሸነፍን። የነርሲንግ ልጆችን፣ 14 ለ 12። መሐል ላይ ካቩላኒ ዳኛዋ ያላየችውን ጥፋት ተናዘዘች። ዳኛዋ ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ፣ "ማዳም፣ ለእኔም ሥራ ይተዉልኝ እንጂ" አለቻት። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ከዚያማ ነርሶቹንም ይሉኝታ ያዛቸው መሰለኝ፣ እጅ ማውጣት ጀመሩ። እኛ አስለምደናቸው፣ እኛው አሸነፍናቸው።

ናሊያካ አልመጣችም። ዓይኔ ዳር ዳሩን ሲፈልጋት ዋለ። ቅዳሜ የምንገጥመው ደግሞ የእሷን ቡድን ነው። የእኔ ሥራ እሷ እንዳታገባ መጠበቅ... ምን ይሻለኛል?

ዓርብ፣ ኦገስት 15

ካቩላኒ አፏ አያርፍም። ሙቅ ውሃ ወረፋ ላይ ናሊያካን አግኝታ ዘረገፈችላት። ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ተመርጬ እንደነበር። "አንቺን አርግዛ ነው የቀረችው" ብላ። በቃ፣ እንዲሁ፣ ባልዲ ተሸክማ።

ተቆጣኋት። "ምስጢር ነው ብለሽኝ አታውቂም እኮ" ትለኛለች።

ናሊያካ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? ሰው ተወለድክ ተብሎ ይወቀሳል?"

"ካደግኩ በኋላስ? ለምን አልተመለስሽም?"

"ወንድሞችሽ መጡ። ሥራ መጣ። ደግሞስ ማን ጠራኝ?"

ናሊያካ ወደ ጉልበቴ አየች። "ነገ ጉልበትሽን በፋሻ እሰሪው" ብላ ወጣች።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ሦስት ጊዜ ሳተች። ናሊያካ ከዚያ ርቀት አትስትም። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ፣ "እያዘንሽልኝ ነው?"

"አይ እማ..."

"ይኼን ሁሉ ዓመት ቆይቼ የመጣሁት ሊታዘንልኝ አይደለም። ተጫወቺ።"

አየችኝ። ከዚያ በኋላ እናት የለ፣ ልጅ የለ። በክርኗ ገፋችኝ፤ ዳኛዋ ነፋች። እንዴት ደስ አለኝ! ዘለልኩ። እኔ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሯ፣ ዘለልኩ። ሁለት ኳስ ነጠቅኳት፣ አንዱን አየር ላይ። ሳርፍ ጉልበቴ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። በደስታ ነው።

ተሸነፍን፣ 21 ለ 13። ስታገባ እንዴት ያምርባታል... ከዚህ ቀደም በዚህ ቅርበት አይቻት አላውቅም ነበር።

ሲያልቅ ላቧ እየተንጠባጠበ መጣች። ጓደኞቿ እያዩ ፊቴ ተንበርክካ የላላውን ፋሻ ፈታች፣ ጠበቅ አድርጋ መልሳ አሰረችልኝ።

ዓርብ፣ ኦገስት 22

ሻንጣ ተዘጋ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ካፌ ጎራ ስል ናሊያካ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ተቀምጣለች። እንዳላየ ላልፍ ነበር። "እማ፣ ነይ እንጂ" ብላ ከወንበሯ ተነሳችልኝ።

"ያልኳችሁ እናቴ ይቺ ናት። ሦስት ኳስ የነጠቀችኝ።"

አንዱ ረጅም ልጅ አላመነም። "አንቺን? ሦስት?"

"ሦስት" አለች፣ ጣቶቿን አውጥታ። "አንዱን አየር ላይ። የዲሴምበሩ እረፍት ላይ እማ ስትመለስ ና፣ በዓይንህ ታያለህ።"

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። "እውነት ነው ማዳም?"

ሁለት ነበሩ። አላረምኳትም።