የቀኝ እጄ ፊርማ

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ፋሲካው አለፈ፣ ሥራ ገባን። ከሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየማችን ስድስት ጠርሙስ ውኃ ቀድቼ ልደታ፣ ላብራቶሪ ወሰድኩ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ አረቄ መስሎት ዓይኑን ሊነቅል አልቻለም። የሥራ ባልደረባዬ ኢብራሂም፣ ባክቴሪያ ካለ እንዲራባ፣ ማሞቂያው ውስጥ ከተታቸው። ነገ ይታያል።

አመሻሽ ላይ እትዬ ጠጅቱ፣ የፊት ለፊት ጎረቤቴ፣ በር ላይ ያዙኝ። ውኃው ይሸታል አሉ። የምርመራ ውጤት ደረጃው ላይ ስለጥፍ ጽሑፉን አያነቡም። ከሥሩ የኔን ፊርማ ይፈልጋሉ፣ ካገኙት ይጠጣሉ። በቃ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ከስድስቱ አምስቱ ውስጥ የሰገራ ባክቴሪያ አለ። አምስቱ! ሁለቴ አየነው። ግንበኞቹ ሕንፃችንን ለምርቃት ለማድረስ ሲጣደፉ ፍሳሹን ከውኃው ቧንቧ ጋር አገናኝተውት ይሆን?

ለኃላፊያችን ለገረሱ ይዤለት ገባሁ። በፖለቲካ ተሹሞ ከመጣ ስድስት ወሩ። ሕንፃው ሚያዝያ 30 ይመረቃል፣ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፣ ንጹሕ ነው ብለሽ ጻፊ አለኝ። ባክቴሪያው ምርቃት አያውቅም አልኩት።

«ከላይ የመጣ ነው። አንቺን አላስፈቅድም» አለ።

ደሜ ፈላ። አልፈርምም ብዬ በሩን በኃይል ዘግቼው ወጣሁ።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ሥራ ከመሄዴ በፊት የጎረቤቱን በር ሁሉ አንኳኳሁ። አፍልታችሁ ጠጡ። እትዬ ጠጅቱ «አንቺ ካልሽ» አሉ።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ይንጋደዳል... ይሁን።

ያን ዓርብ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዎች ላብራቶሪው ገቡ። አላውቃቸውም። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጧቸው። ኢብራሂም ሊይዛቸው ሲል በወንበር ጀርባውን አሉት። እኔን በፀጉሬ ጎተቱኝ። አንዱ ቀኝ እጄን የማሞቂያው በር መሃል አስገባ። ሌላው በሩን ረገጠው። ሦስቴ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት።

«ቤት ለቤት መዞር ይኼውልሽ» አለኝ።

ስድስት ቀን ሆስፒታል። ሁለቴ ኦፕራሲዮን። ብረት ገባልኝ። ዛሬ ቤቴ ስመለስ ደረጃው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ ውኃው ንጹሕ ነው የሚል። ከሥሩ የኔ ስም። የኔ ፊርማ፣ ቁርጥ እኔ የፈረምኩት የሚመስል። ቀኑ ሚያዝያ 20። ሚያዝያ 20 እጄ በጂፕሰም ታስሮ ተኝቼ ነበር።

እትዬ ጠጅቱ ዘንድ ሮጥኩ። ፍራሽ ላይ ናቸው። ሦስት ቀን ተቅማጥና ትውከት... ከንፈራቸው ደርቋል። ማፍላቱን ለምን ተዉት አልኳቸው።

«ፊርማሽን አየሁት እኮ፣ ልጄ።»

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

አረፉ።

ሚያዝያ 30፣ ሐሙስ

ድንኳን። ሙዚቃ። ገረሱ ማይክ ይዞ ያንን ወረቀት አነበበ። ባለሙያችን ወይዘሮ ሰብለወንጌል አረጋግጣለች አለ። ተነሥቼ መድረኩ ላይ ወጣሁ። የታሰረውን እጄን ከፍ አደረግኩ።

«ሚያዝያ 20፣ በዚህ እጅ ነው የፈረምኩት?»

ከዚያ የእትዬ ጠጅቱ ልጅ ወንበር ወረወረ። ሁሉም ተነሣ። ድንኳኑ በላያችን ወረደ። ትልልቆቹ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ገብተው በረሩ። ገረሱን ሰዉ ጥሎ ረገጠው። እንደ ምንም ተነሥቶ ወደኔ መጣ፣ አስቁሚያቸው አለኝ። ቅንድቡ ተተርትሮ ደም ዓይኑ ውስጥ ይገባል። በጂፕሰሙ ፊቱን አልኩት። አፍንጫው ሲሰበር ተሰማኝ። የኔም ጣቶች እንደ አዲስ... ጮህኩ።

እውነቱን ልጻፍ? ደስ አለኝ። እስከ ቤቴ ደስ እያለኝ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ነው ያስመለሰኝ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ቧንቧው ተዘግቷል። ውኃ በቦቴ ይመጣልናል። ገረሱ ከሥራ ታግዷል። እኔ በድብደባ ተከስሻለሁ፣ መጥሪያው ዛሬ ደረሰኝ። በግራዬ ፈረምኩለት። የአዲሱ ፊርማዬ የመጀመሪያ ሥራ ይኼ ሆነ።

ከዚያ የላብራቶሪውን መዝገብ ከፈትኩ። ገረሱ በኔ ስም «ንጹሕ» ብሎ ያስገባው አለ። እኛ ጋ ስሕተት አይፋቅም። አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት፣ አጠገቡ ይፈረማል። ሰረዝኩት። ፈረምኩ።

ኢብራሂም ጠበቃ አናግሮ መጥቷል። በግርግሩ ሰው ገፍቶኝ ነው በይ ይላል። ያየ የለም፣ ማንም አይመሰክርብሽም።

አልልም። መታሁት። አንዴ፣ አፍንጫው ላይ፣ ሆን ብዬ። ዳኛው ፊት የምለው ይኼንኑ ነው። በስሜ አንድ ውሸት ተጽፎ እትዬ ጠጅቱን ቀብሬበታለሁ።